ጥጋብ የማይችለው እርሾ

በነሐሴ ወር ቡረይዳ የምትነቃው ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የቃሲም ክልል ዋና ከተማ ናት፤ የተምሩ ምርት ሲደርስ ከየእርሻው የተነሡ ፒካፖች በገበያው አደባባይ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ከኋላቸው የተደረደሩት ካርቶኖች ክዳናቸው ክፍት ነው፣ ገዢው ተምሩን ራሱን እንዲያይ። ደላላው ከመኪና ወደ መኪና እየተሻገረ ዋጋ ይጠራል። ገዢው አንድ ፍሬ አንሥቶ ይፈለቅቃል፣ ዘሩን አውጥቶ ይቀምሳል፣ ከዚያ ዋጋ ይጨምራል ወይም ያልፋል። ሱከሪ የሚባለው ወርቃማና ለስላሳ ተምር እዚህ አገሩ ነው፤ ፀሐይ ጠንከር ሳትል ብዙው ካርቶን ባለቤት ያገኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ ካርቶን ውስጥ ያልገባው ተምር ነው፦ ከዛፉ ሥር የወደቀው፣ ወፍ የነካው፣ ቆዳው የተላቀቀው፣ ከመጠን በላይ የደረቀው፣ ዝርያው በገበያ ስም የሌለው። ሳዑዲ ዓረቢያ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ተምር ታመርታለች፤ ግብፅና አልጄሪያም እንዲሁ። ከዚህ ሁሉ ለሰው ማዕድ የማይበቃው ለግመልና ለበግ መኖ ይሆናል፣ አለዚያም እዚያው ወድቆ ይበሰብሳል። የከፋው ግን መልኩ ነው እንጂ ስኳሩ አይደለም። በደንብ የደረሰና የደረቀ ተምር ዘሩ ሲወጣ ከ100 ግራሙ ውስጥ 70 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። በብዙዎቹ ለስላሳ ዝርያዎች ይህ ስኳር ከሞላ ጎደል እኩል የሆነ የግሉኮስና የፍሩክቶስ ድብልቅ ነው።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሳዑዲ ዓረቢያና በአልጄሪያ ተመራማሪዎች ለዚህ ስኳር ሥራ ፈለጉለት። ከተምር ጭማቂ የዳቦ እርሾ ማሳደግ ይቻል እንደሆነ አጠኑ፤ እንደሚቻልም በላቦራቶሪ አሳዩ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። እርሾ ጣፋጭ ነገር መቼ እምቢ ብሎ ያውቃል? እውነት ነው፣ እርሾ ፍሬን አይጠላም። ችግሩ የሚመጣው ከመውደዱ ነው። ስኳር ሲትረፈረፍለት መራባቱን ችላ ብሎ አልኮል መጥመቅ ይጀምራል። ከፍሬ እርሾ ለማምረት የሚነሣ ሰው ትልቁ ሥራ ስኳር ማግኘት ሳይሆን፣ በስኳር መካከል የተቀመጠውን እርሾ ሳያጠግቡ ማኖር ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው እርሾ ፋብሪካ ሊከፍት አስቦ ጠላ ቤት ይከፍታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ዳቦ ቤቶች ሥራ ላይ ናቸው። አቡኪው ዱቄቱን ከማቡኪያው ማሽን ውስጥ ይገለብጣል፣ ግማሽ ኪሎ የሚመዝነውንና አየሩ ተመጥጦ የታሸገውን ደረቅ እርሾ በቢላ ይቀደዋል። እሽጉ አየር ሲያገኝ ይለሰልሳል፤ ከውስጡ ቡናማ ደቃቅ ፍሬ ይፈስሳል። ለአንድ ኩንታል ዱቄት 1 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃል። እርሾው በአብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ አቡኪውም የሚያውቀው በእሽጉ ቀለም ነው። እያንዳንዷ ደቃቅ ፍሬ ደርቀው ያንቀላፉ እጅግ ብዙ ሕዋሳት ናት። ውሃና ዱቄት ሲያገኙ ይነቃሉ፣ ስኳሩን ይበላሉ፣ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጡን ይነፋዋል።

ሳይንሱ ሳካሮማይሰስ ሰርቪሲዬ የሚለው ይህ ፍጥረት ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገስ ነው። እናት ሕዋስ በጎኗ ትንሽ እብጠት ታወጣለች፣ እብጠቷ አድጋ ትለያለች፣ ራሷን ትችላለች። ምግቡና ሙቀቱ ከተመቸ አንድ ትውልድ ሁለት ሰዓት እንኳ አይፈጅም። አንድ ግራም እርጥብ የዳቦ እርሾ ውስጥ 10 ቢሊዮን ያህል ሕዋሳት ይገኛሉ። ዳቦ ጋጋሪው ገንዘብ የሚከፍለው ለእነዚህ ሕዋሳት ብዛትና ብርታት ነው። ጠማቂው ደግሞ ሕዋሱን አይፈልገውም፤ የሚፈልገው ሕዋሱ የሚያወጣውን አልኮል ነው፤ አተላውን ይደፋዋል። እርሾ አምራች ማለት ያንኑ የጠማቂውን ፍጥረት ይዞ አተላውን ሀብት፣ አልኮሉን ኪሳራ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ነው።

ይህ ፍጥረት ከሰው ጋር ከመተዋወቁ በፊት ኑሮው የት ነበር ቢባል፣ መልሱ ከዛፍ ቅርፊት፣ ከነፍሳት ሆድና ከፈነዳ ፍሬ ይገኛል። ብዙዎች የወይን ቆዳ ላይ የሚታየው ነጭ ብናኝ እርሾ ይመስላቸዋል፤ ብናኙ ሰም ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ የጣሊያን ወይን ጥናት እንዳሳየው፣ ቆዳው ካልተነካ 1000 የወይን ፍሬ ውስጥ ሳካሮማይሰስ ሰርቪሲዬ የተገኘበት አንዱ ገደማ ብቻ ነበር። ቆዳው ከተቀደደው ግን ከ4 አንዱ ላይ ተገኘ። ቀዳዳውን የሚከፍቱት ተርብ፣ ንብና ወፍ ናቸው፤ እርሾውን ከፍሬ ወደ ፍሬ የሚያመላልሱትም እነዚሁ ናቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጣሊያን ተመራማሪዎች እርሾው ክረምቱን በተርብ አንጀት ውስጥ እንደሚያሳልፍና እናቲቱ ተርብ ለልጆቿ እንደምታስተላልፈው አሳዩ። ይህ ግኝት በጣም ያስደስተኛል። በየዳቦ ቤቱ የምናውቀው እርሾ የዱር ዘመዶቹ ኑሮ በተርብ ክንፍ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ማወቅ፣ የወደቀ ፍሬ ስር የሚንጫጫውን ተርብ በሌላ ዓይን ያሳያል።

የተሰነጠቀ ፍሬ ጥሩ ማዕድ ነው፣ ዳሩ ግን ብቻውን የሚበላው የለም። ባክቴሪያው፣ ሻጋታውና ሌላው እርሾ ሁሉ ወደ እሱ ይሮጣል። ሳካሮማይሰስ በዚህ ሽሚያ ያሸነፈበት ዘዴ ያልተለመደ ነው። ስኳሩን በአየር አቃጥሎ ጉልበቱን ሁሉ ከማውጣት ይልቅ፣ አየር እያለለት እንኳ ፈጥኖ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። አልኮሉ ተወዳዳሪዎቹን ይመርዛል፤ እሱ ግን ይችለዋል። ስኳሩ ሲያልቅና ሜዳው ሲጸዳ፣ ያጠራቀመውን አልኮል በኦክስጅን እያቃጠለ ለራሱ ይበላዋል። የዘር ሐረጉን የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ይህን ጠባይ ያገኘው ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ሥጋማ ፍሬ የሚያፈሩ ዕፅዋት በምድር ላይ በተበራከቱበት ዘመን አካባቢ ነው ይላሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ የምርምር ቡድን የጥንቱን እርሾ አልኮል ሠሪ ኢንዛይም ከዛሬዎቹ ዘሮቹ አስልቶ በላቦራቶሪ መልሶ ሠራው። ጥንታዊው ኢንዛይም አልኮል ለመሥራት የተመቸ ሆኖ ተገኘ። አልኮልን መልሶ የሚበላው ሁለተኛው ኢንዛይም የመጣው ጂኑ ከተባዛ በኋላ ነው። እንግዲህ አልኮል የመጥመቅ ልማዱን ያስተማረው ሰው አይደለም፤ ፍሬ ነው።

ይህን ጠባይ በዓይን ማየት ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። 200 ግራም ተምር ዘሩን አውጥታችሁ በአንድ ሊትር ውሃ ቀቅሉ፣ ፍጩ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥሩ፣ ለብ እስኪል አቀዝቅዙ። ጭማቂውን በሁለት ሰፋፊ ጠርሙሶች አካፍላችሁ በእያንዳንዱ ቁንጥር ደረቅ እርሾ ጨምሩ። የአንዱን ክዳን ላላ አድርጋችሁ ተዉት። በሌላኛው ውስጥ ደግሞ ለዓሣ ማሳደጊያ የሚሸጠውን ትንሽ የአየር መንፊያ ቱቦ፣ በጥጥ አጣርታችሁ፣ እስከ ታች አስገቡበት። በማግስቱ የመጀመሪያው ጠርሙስ ጠጅ ጠጅ ይሸታል፤ ሥሩ ላይ ስስ ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል። ሰው የሚገረመው በሁለተኛው ነው፤ አየሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቦለቦልበት አድሮም እሱም አልኮል አልኮል ይሸታል።

ሉዊ ፓስተር በ1861 እ.ኤ.አ. አየር የሚያገኝ እርሾ ይበልጥ እንደሚራባና በእኩል ስኳር ብዙ እጥፍ ሕዋስ እንደሚሰጥ አስተውሎ ነበር። አየር ብቻውን እንደማይበቃ የተረዳነው ግን ቆይቶ ነው። ኸርበርት ክራብትሪ የተባለ እንግሊዛዊ ባዮኬሚስት በ1929 እ.ኤ.አ. በዕጢ ሕዋሳት ላይ ባደረገው ጥናት፣ ስኳር ሲበዛ ሕዋሱ የመተንፈስ ሥራውን እንደሚቀንስ አየ። ተመሳሳዩ ነገር በእርሾ ላይም ስለሚታይ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ስኳር ከሞላ፣ ኦክስጅን ቢኖርም እርሾው አይጠቀምበትም፤ ወደ አልኮል ያመራል። ሁለተኛው ጠርሙስ የሸተተው ለዚህ ነው።

የኪሳራው ልክ ሲሰላ ያስደነግጣል። እርሾ አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ያለ አየር ሲያፈርስ ለሕዋሱ የሚተርፉት 2 የኃይል አሃዶች ብቻ ናቸው፤ በአየር ሲያቃጥለው ብዙ እጥፍ ያገኛል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ስኳር ያለ አየር ከተበላ ከ100 ግራም የማይበልጥ ደረቅ እርሾ ይሰጣል፤ ቀሪው አልኮልና ጋዝ ነው። ያው ኪሎ በአየር፣ በልክ ከተበላ እስከ 500 ግራም ይሰጣል። አምስት እጥፍ ማለት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ትርፍና ኪሳራ የሚለዩት በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

መፍትሔው ላይ የተደረሰው በችግር ዘመን ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የቪየና እርሾ ሠሪዎች እህል አብቅለውና ፈጭተው በሚያዘጋጁት ድፍድፍ ላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ እየገፈፉ፣ አጥበውና ጨምቀው ይሸጡ ነበር። ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ የሄዱት የፍላይሽማን ወንድማማቾች ይህን ጥበብ ይዘው በ1868 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲንሲናቲ ፋብሪካ ከፈቱ፤ በ1876ቱ የፊላደልፊያ ኤግዚቢሽንም የቪየና ዳቦ ቤታቸው ሕዝብ ያጨናነቀው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ጀርመን እህል ተቸገረች። እርሾ ለማሳደግ እህል ማባከን ስላልተቻለ፣ ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ሞላሰስና የአሞኒያ ጨው ቦታውን ወሰዱ። በዚያው ዘመን በጀርመን ሃይዱክ፣ በዴንማርክ ሳክ ዛሬ ድረስ የሚሠራበትን ስልት አወጡ፦ ስኳሩን በአንድ ጊዜ ከመገልበጥ ይልቅ እርሾው በሚበላው ፍጥነት ብቻ ጠብ ጠብ ማድረግ።

ጾም የዋለ ሰው በአንድ ጊዜ እንደማይጠግብ፣ ይህ እርሾም በልክ ይመገባል። በዘመናዊ ፋብሪካ ውስጥ የሕንፃ ቁመት ያላቸው የማይዝግ ብረት ጋኖች ቆመዋል። ከታች ኃይለኛ ነፋስ ይገባባቸዋል፤ ዙሪያቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ይዞራል፤ ስኳሩ በቀጭን ቱቦ ይንጠባጠባል። በጋኑ ውስጥ በማናቸውም ቅጽበት በአንድ ሊትር የሚገኘው ስኳር ከ1 ግራም በታች ነው። ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ፣ አሲድነቱ በፒኤች 4.5 እና 5 መካከል ይጠበቃል። የባለሙያው ዓይን ከሚወጣው ጋዝ ላይ አይነሣም። አልኮል ብቅ ካለ ምግቡ በዝቷል ማለት ነው፤ ቱቦውን ያጠብበዋል። ከበርካታ ሰዓታት በኋላ ፈሳሹ በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል፣ እርሾው ወተት የመሰለ ክሬም ሆኖ ይለያል፣ በማጣሪያ ውሃው ይወጣለታል። በዚህ ደረጃ 30 በመቶ ገደማው ደረቅ ነገር ነው፤ እርጥብ እርሾ ተብሎ የሚሸጠው ይህ ነው። ደረቅ እንዲሆን ከተፈለገ በቀጭኑ ተጨምቆ በሞቀ አየር ላይ እየተንሳፈፈ ይደርቃል።

ታዲያ ሞላሰሱ ወጥቶ ተምር ሲገባ ምን ይለወጣል? ገራሚው ነገር፣ ዋናው አካሄድ ምንም አይለወጥም። የሚለወጠው ዝግጅቱ ነው። ተምሩ ይታጠባል፣ ዘሩ ይወጣል፣ በ70 ወይም 80 ዲግሪ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል። የሚወጣው ጭማቂ ወፍራምና የሚያጣብቅ ነው፤ በውስጡ ያለው ፔክቲን ማጣሪያውን ይደፍናል። ይህን የሚያፈርስ ፔክቲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ተጨምሮበት ነው ደኅና የሚጠራው። በአንጻሩ ሞላሰስ የሚያመጣው ጣጣ ቀለሙና በስኳር ፋብሪካው እሳት የተቃጠሉ ውሁዶች ናቸው፤ ተምር ያን ያህል አያስቸግርም። እርሾ የሞላሰሱን ስኳር፣ ሱክሮስን፣ ለመብላት በመጀመሪያ ኢንቨርቴዝ በሚባል ኢንዛይም ከሕዋሱ ደጃፍ ላይ ይሰነጥቀዋል። የተምር ስኳር ግን በአብዛኛው ተሰንጥቆ የቀረበ ነው። እርሾው ከሁለቱ ግሉኮስን ያስቀድማል፤ ፍሩክቶሱን ወደ ኋላ ያቆየዋል። አመጋገቡ በልክ ከሆነ ግን ሁለቱም ያልቃሉ።

ተምር የማይሰጠው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ደረቅ እርሾ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ከ100 ግራሙ 8 ግራም ገደማ ናይትሮጅን ይይዛል። ተምር ፖታስየም ሞልቶታል፣ ናይትሮጅኑ ግን ጥቂት ነው። ከስኳር ብቻ ሕዋስ አይሠራም። የጠርሙሱ ሙከራ ላይ እርሾው ቶሎ የሚቆመው በከፊል ለዚህ ነው። ፋብሪካው አሞኒያ ወይም ዩሪያ፣ ከዚያም ፎስፌት ይጨምራል፣ ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ለክቶ ከጎደለ ያሟላል። ገበሬያችን በማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያና ዳፕ የሚሰጠው ይህንኑ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ ለምግብ እርሾ ግን ለምግብ ደረጃ የተጣራው እንጂ የማዳበሪያ ከረጢቱ አይነካም።

አንድ ኩንታል የተጣለ ተምር ይዘን እናስላው። ዘሩ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይወስዳል። ከሚቀረው ውስጥ 60 ኪሎ ገደማ ስኳር ነው፤ ሲጨመቅ የተወሰነው ከገለባው ጋር ስለሚቀር 52 ኪሎ እጃችን ገባ እንበል። በጥሩ አየርና በልክ ምግብ 23 ኪሎ ደረቅ እርሾ ይወጣዋል፤ በእርጥቡ 78 ኪሎ ገደማ ነው። 2 ኪሎ የሚጠጋ ናይትሮጅን፣ ማለትም 4 ኪሎ ያህል ዩሪያ ይፈልጋል። እንደ ዳቦ ቤቱ ልክ ይህ እርሾ 23 ኩንታል ዱቄት ያቦካል። ያው 52 ኪሎ ስኳር ያለ አየር ቢተው ግን የሚገኘው 5 ኪሎ እርሾ ብቻ ነው።

ይህን ስሌት ለሌላ ፍሬ ስንደግመው ተምር ለምን እንደተመረጠ ግልጽ ይሆናል። በምርቱ ወቅት አርባ ምንጭ ዙሪያ ማንጎ ዋጋ አጥቶ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ልጣጩንና ዘሩን አውጥተን ከአንድ ኩንታል ማንጎ 65 ኪሎ ሥጋ ቢገኝ፣ ስኳሩ 9 ኪሎ ገደማ ነው፤ እርሾው 4 ኪሎ። የትግራይ በለስ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቆዳውና ዘሩ ብዙውን ስለሚወስዱ ከኩንታሉ 6 ኪሎ ያህል ስኳር ብቻ ይወጣል። ቀሪው ውሃ ነው፤ በመኪና ተጭኖ፣ ነዳጅ ተከፍሎበት የሚጓዝ ውሃ። በቡና አጠባ ጣቢያዎች ወደ ወንዝ የሚለቀቀው የቡና ገለፈትም ስኳር አለው፣ ከካፌይንና ከታኒን ጋር ተቀላቅሎ ነው እንጂ። ማንጎውና በለሱ ለጭማቂና ለማርማላታ ቢውሉ የተሻለ ገንዘብ ያወጣሉ ብዬ አምናለሁ። ተምርን የሚለየው ፀሐይ ዛፉ ላይ እያለ ውሃውን አትንና አወፍራ ማስረከቧ ነው። ለፋብሪካ የሚመች ስኳር ሆኖ ከዛፍ የሚወርድ ፍሬ ከተምር ሌላ ብዙ የለም።

በእኛ አገር የተምር ዛፍ በዋናነት የሚገኘው አፋር ነው። በአይሳኢታና በአፋምቦ፣ አዋሽ ወደ በረሃው ገብቶ ከመቅረቱ በፊት በሚያጠጣው ምድር ላይ ተምር ይበቅላል። በረመዳን ወቅት መርካቶ ላይ በብዛት የሚታየው ተምር ግን የውጭው ነው። የአፋር ተምር ብዙውን ጊዜ ዘመናዊ ማሸጊያና ማቀዝቀዣ አያገኝም፤ መልኩ ያላማረው ገበያ ድረስ መድረሱ ራሱ ጣጣ ነው። በዚያው በአፋር የተንዳሆ ስኳር ፋብሪካ ተሠርቷል፤ ሸንኮራ ሲፈጭ ሞላሰስ ይተርፋል። እውነቱን ለመናገር ኢትዮጵያ ነገ የእርሾ ፋብሪካ ብታቆም ርካሹ ስኳር ሞላሰስ ነው። ወንጂ ስኳር ማምረት ከጀመረበት ከ1954 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአገሩ ያለ ነገር ነው። ግማሽ ያህሉ ስኳር የሆነ፣ ተሰብስቦ በአንድ ጋን ውስጥ የሚገኝ ጥሬ ዕቃ፣ ከየዛፉ ሥር ከሚለቀም ፍሬ ጋር በዋጋ አይወዳደርም። ተምር ሞላሰስን የሚያሸንፈው ተምር ሞልቶ ሸንኮራ በሌለበት ነው፤ የሳዑዲና የአልጄሪያ ተመራማሪዎች ወደ ተምር ያዘነበሉት በምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ምርጫው የግድ ከሁለት አንዱ አይደለም። የዓለም የእርሾ ፋብሪካዎች የሸንኮራና የስኳር ቀይ ሥር ሞላሰስን ሲደባልቁ ኖረዋል፤ ሁለተኛው ባዮቲን ሲያንሰው የመጀመሪያው ያሟላለታል። በዚያው አኳኋን የአፋር ተምር ሽሮፕ ከተንዳሆ ሞላሰስ ጋር ቢደባለቅ የሚከለክል ነገር የለም።

ቦታ መምረጡ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ እርሾ ለማሳደግ አንድ ኪሎ ገደማ ኦክስጅን ያስፈልጋል፣ ውሃ ግን ኦክስጅን ሲይዝ ስስታም ነው፤ በ30 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠለል ላይ እንኳ በሊትር 8 ሚሊ ግራም አይሞላም። እርሾው ያን በቅጽበት ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ አየሩ ሳያቋርጥ መነፋት አለበት። ከሚነፋው ውስጥም የሚወስደው ጥቂቱን ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ የሚቆም ፋብሪካ ያንኑ እርሾ ለማግኘት ነፋሱን መጨመር፣ ኤሌክትሪኩንም አብሮ መክፈል አለበት። አፋር ዝቅተኛ ነው፤ አየሩ ወፍራም ነው። እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። እርሾ በአየር ሲያድግ ራሱ ብዙ ሙቀት ያወጣል፤ ውጭው 40 ዲግሪ በሆነበት አገር ጋኑን 30 ላይ ለማቆየት የማቀዝቀዣ ውሃ ያስፈልጋል። ደጋው በአየር፣ ቆላው በሙቀት ያስከፍላል።

እኔ ብጠየቅ በአይሳኢታ መጀመሪያ የሚተከለው የእርሾ ጋን አይሆንም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማጠቢያ፣ መጭመቂያና ማትነኛ ነው፤ ኢራቃውያን ከጥንት ጀምረው ዲብስ እያሉ ከሚሠሩት የተምር ሽሮፕ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ለማውጣት። 70 በመቶ ገደማው ስኳር የሆነ ሽሮፕ ውሃው ታስሮ ስለሚቆይ እርሾም ሻጋታም በቀላሉ አያድግበትም። በሁለት ሦስት ወር የሚደርሰውን ምርት ዓመቱን ሙሉ ያዘልቀዋል። ሽሮፑ ለሰው ምግብ ይሸጣል፤ ጠቆር ያለውና ያልጠራው ለእርሾ ይቀራል። የሚጓዘውም ውሃ ሳይሆን ስኳር ነው፤ ወደ ሞላሰሱ፣ ወደ ኤሌክትሪኩና ወደ ውሃው በጄሪካን ወይም በቦቴ ይሄዳል። የጥራት መለኪያው ሁለት ቁጥር ነው፦ በሊትር ስንት ግራም ስኳር፣ በሊትር ስንት ግራም ናይትሮጅን። እነዚህ ሁለቱ በየወሩ ከታወቁ የእርሾ መሐንዲሱ የሚነፋውን አየርና የሚያንጠባጥበውን ልክ አስልቶ ጋኑን ማዘዝ ይችላል።